የአያ አረጋ ፈረንጅ

«ስንት ነው?» አለኝ ፈረንጁ፣ ሲኒውን ወደ እኔ ገፋ እያደረገ።

ሲኒውን ተቀብዬ ቆምኩ። ጥያቄው አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ላሊበላ ውስጥ የመንገድ ዳር ቡና ሻጭ ነበርኩና በሕይወቴ ከሰው አፍ አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ ቢኖር ይሄው ነው። ቡና ሃያ፣ ሻይ አስር፣ ለውዝ ካለ እሱም አስር ብዬ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰው ነበር። ያን ቀን ግን የቆምኩት ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በሟች ባሌ ታላቅ ወንድም በአያ አረጋ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ፔርሙዙ የቅሬው፣ ማለትም የዕድራችን ነው፣ ሲኒው የቅሬው ነው፣ አግዳሚው የቅሬው ነው። የእኛ የሞተው ሰውዬ ብቻ ነው። የለቅሶ ቡና ሂሳቡ ስንት እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ፈረንጁ ግን ከልቡ ነው። ብሩን ከኪሱ አውጥቶ ሁለት ጣቱን አነሳልኝ፤ ሁለት ሲኒ መጠጣቱን መናገሩ ነው። ንፍሮውን አልቆጠረም። ከቡናው ጋር በነጻ የሚቀርብ መስሎታል። እሱስ ልክ ነበር።

እኔ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅ ላይ ነበርኩ። ጭንቄም ስለ ሟች አልነበረም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አያ አረጋ ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ በአልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። እኔን ያስጨነቀኝ ድንኳኑ ነው። ዕለቱ ሣልስት ነበር። ሣልስት ሲያልፍ ቅሬው ድንኳኑን ይነቅላል፤ ድንኳኑ ሲነቀል ልጄ ሰብሌ ትሄዳለች። ሻንጣዋ ተዘግቶ ከአልጋችን ሥር ተቀምጧል። ለማግስቱ በደሴ መኪና ቦታ ይዛለች። ደሴ አንዲት ሴት ትቀበላታለች፣ ያቺ ሴት አዲስ አበባ ላለች ሌላ ሴት ታስረክባታለች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ቤይሩት ለማላውቃት ሦስተኛ ሴት። ሦስቱም በጣም ጥሩ ሰዎች እንደሆኑ ተነግሮኛል፤ የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ናት። አያ አረጋ ባይሞቱ ኖሮ ይሄን ጊዜ ሄዳ ነበር። ዘመድ ሞቶ ድንኳን ቆሞ የሥጋ ዘመድ መንገድ አይወጣም። ይሄ በላስታ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ሰብሌም ታከብረዋለች። ኮሌጅ ብዙ ነገር አስረስቷታል፣ ይሄን ግን አላስረሳትም። ስለዚህ ለቀስተኛው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲገባ እኔ በልቤ የምጸልየው ለድንኳኑ ካስማ ነበር።

የምንኖረው በሟች ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው። ተከራይተን ነው። ዘመድ ስለሆንን በዘመድ ዋጋ ነው የያዝናት፤ የዘመድ ዋጋ ከጎረቤቱ በሁለት መቶ ብር ይበልጣል። አንድ አልጋ፣ አንድ የብረት ሳጥን፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ የተሸፈነ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ የሰብሌ የአስጎብኚነት ባጅ ተሰቅሏል። ባጁ ላይ ያለው ፎቶ ይስቃል። ቱሪዝም ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ፣ ባጁን አንጠልጥላ ከቤት በወጣች ማግስት ጦርነቱ መጣና እንግዳው ቀረ። ኋላ ላይ ጦርነቱ ሄደ ተባለ፤ እንግዳው ግን ያን ያልሰማ ይመስላል። እሷም ባጁን ሰቅላ እኔ ዘንድ ሲኒ አጣቢ ሆነች። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሸራ ዘርግቼ በርጩማ ደርድሬ ቡና እሸጥ ነበር። የሟች ሚስት እትዬ ሙሉሃብት ደጃቸው መቆሸሹን አልወደዱትም። አልተናገሩኝም፤ ዝም ነው ያሉኝ። ዝምታቸው ከኪራዩ ጋር በየወሩ ይመጣ ነበር።

በመጨረሻ ደጁን ያጸዳላቸው ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን መብራት እንጨቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ በራሴ ዓይን ከላይ እስከ ታች አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ማስታወቂያ እሱ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ ወንበር አስቀምጦ መነገድ ክልክል ነው ይላል። ስለ እኔ መሆኑ ሲገባኝ ያላዋቂ አነባበብ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ አሁንም ስለ እኔ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪና መጣ። በርጩማዎቼ ተጭነው ሲሄዱ መኪናው ኋላ ላይ ቆሞ ያስጫነው በእውቀቱ ነው፤ ልጅ እያለ ንፍጡን የጠረግኩለት የጎረቤት ልጅ፣ አሁን የከተማ ውበት ምንትስ ኃላፊ። መንገዱ ተጠረገ፣ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ አበባ ተተከለበት። በሕይወት ያለ ሰው እንዳይቀመጥበት ሆኖ በጣም አማረ።

አያ አረጋ የሞቱ ዕለት ቅሬው ድንኳኑን የተከለው ልክ እዚያ ነው፤ ግቢው ጠባብ ስለሆነ። ሸራው የኔ ሸራ የነበረበት ላይ፣ አግዳሚው በርጩማዎቼ የነበሩበት ላይ። ድንኳን ደግሞ ማንም አይነካም። ስለዚህ በከተማው ውስጥ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት አንድ ቦታ ተገኘ፣ እሱንም ለማስፈቀድ አንድ ሰው መሞት ነበረበት። ጥቅሙን ቀድሞ ያወቀው በእውቀቱ ነው። ጠዋት ከቢሮ በፊት ይመጣል፣ ከሰዓት ከቢሮ በኋላ ይመጣል፣ በመካከሉም ይመጣል። በሣልስቱ ጠዋት መጫወቻ ካርታ ይዞ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ አገኘሁትና ቀዳሁለት።

«እትዬ ባንችይርጋ፣ ይሄ ቦታ መቼም ነፋሻ ነው» አለኝ።

«ድሮም ነፋሻ ነበር።»

«ቡናዎም አልተለወጠም።»

«አልተለወጠም» አልኩት። «በርጩማው ብቻ ነው የተለወጠው።»

ካርታውን ትክ ብሎ አየ። የሚጥለው ጠፍቶበት አይመስለኝም።

ፈረንጁ የመጣው ፀሐዩ ከረር ሲል ነው። ብቻውን ነበር፣ አስጎብኚም አልያዘ። አንገቱ ላይ አፍንጫው የረዘመ ካሜራ አንጠልጥሏል። ከድንኳኑ ፊት ቆሞ አግዳሚውን አየ፣ ሲኒዎቹን አየ፣ ካርታ ተጫዋቾቹን አየ፣ ከዚያ የጠፋበት ቤቱን እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለና ከዳር ተቀመጠ። በሣልስት ጩኸት የለም። የሚያለቅሰው ቀብር ዕለት አልቅሶ ጨርሷል፤ የቀረው ስለ እህል ዋጋ ያወራል፣ አንዳንዱም ይስቃል። የቅሬው ሰው ለእጁ ውኃ አፈሰሰለት፣ ንፍሮ አቀረበለት፣ እኔ ቡና ቀዳሁለት። ማነህ ያለው የለም፣ ከየት መጣህ ያለው የለም። ለቅሶ የመጣን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሟችን መጠየቅ ነው። እሱም ይሄ ሁሉ ሳያዝዝ ሲቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እያመሰገነ በላ፣ ጠጣ። ካሜራውን አነሳና ሲኒውን ከላይ አነሳው፣ ከጎን አነሳው። ንፍሮውን አነሳው። በእውቀቱ ካርታ በልቶ ሲስቅ አነሳው። በእውቀቱም ፎቶ ሲነሳ እንደ ኃላፊ ለመምሰል ሞከረ፣ ግን ዘግይቶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አያ አረጋ ፈረንጅ መናገር አለብኝ። አያ አረጋ ጉልበት በነበራቸው ዘመን በቅሎ ያከራዩ ነበር፤ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ፈረንጅ ያወጡ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ፎቶ አንሺ ፈረንጅ አውጥተው ሲያወርዱት አቅፎ ስሟቸው፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ሳልመጣ እንዳትሞት ብሏቸው ሄደ ይላሉ። ይሄን ያልሰማ የከተማው ሰው የለም፣ ያልሳቀም የለም። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ቦዘኔው ሁሉ «አያ አረጋ፣ ፈረንጅዎ መጣ» ይላቸዋል። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ እሱ እንዲህ ባለው ወር አይመጣም ብለው ቆፍጠን ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ሲሆን ሸመገሉ፣ እንዲህ ሲሆን ሞቱ። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ፈረንጅ ከድንኳናቸው ገብቶ ሲቀመጥ ነገሩ ከአግዳሚ አግዳሚ በሹክሹክታ ዞረ፤ ሲዞርም እየጠነከረ ነው።

አንዱ ካርታ ተጫዋች ሰውየው ልጅ ነው፣ ያኔ አልተወለደም ብሎ ተከራከረ። ሌላው ፈረንጅ ቶሎ አያረጅም፣ ቅባት አላቸው አለ። ነገሩ ለቅሬው ዳኛ ለአቶ ከፋለ ቀረበ። አቶ ከፋለ በዚያ ድንኳን ውስጥ ከእግዜር ቀጥሎ ያሉ ሰው ናቸው፤ አንዳንዴም ቅደም ተከተሉን ይረሱታል። ፈረንጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ፈረዱ።

«ልጁ ነው» አሉ። «ቁርጥ አባቱን።»

አባቱን ያየ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ሁሉም ግን አዎ ቁርጥ አባቱን እያለ ራሱን ነቀነቀ።

እኔን ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ይሄኔ ነው። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ለቅሶ አልመጣም። ሰውየው ቡና ቤት ነው የገባ። ሲኒውን ተቀብዬ ቆምኩ፣ ከዚያ ሰብሌን በዓይኔ ፈለግኋት። ሰብሌ እጇን እያደራረቀች ስትመጣ በግቢው በር ደግሞ እትዬ ሙሉሃብት በሁለት ሴቶች ተደግፈው ብቅ አሉ፤ ወሬው ከውስጥ ደርሷቸዋል። ቀጥ ብለው መጡና የፈረንጁን ሁለት እጅ ያዙ። «ዘገየህ» አሉት። «ዘገየህ የኔ ልጅ፣ ዘገየህ» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ሣልስቱ እንደ አዲስ ቀብር ሆነ፣ ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው፣ ካርታው አግዳሚ ሥር ገባ። ፈረንጁ እጁን ሳይነጥቅ ሰብሌን አያት። እሷም በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ ረጋ ብላ፣ ባጁን አንጠልጥላ ቤተ ክርስቲያን እንደምታስጎበኝ ዓይነት። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ባርኔጣውን አወለቀ። ብሩን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። ከዚያ ከእትዬ ሙሉሃብት ፊት ጎንበስ ብሎ አንድ ቃል ደጋገመ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ከፋለ።

ሰብሌ እኔን አየችኝ። እኔ ፔርሙዙን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል» አለች።

«ስለዘገየ ነው» አሉ አቶ ከፋለ ለሁሉም። ማንም ያልጠየቃቸውን ተረጎሙት።

ከዚያ ተነሥተው ተናገሩ። ሩቅ ያለ ሐዘንተኛ ዘግይቶ ሲደርስ ለቅሶው ይታደስለታል፣ ይሄ ያባቶቻችን ነው፤ ይሄ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ድንኳኑ እስከ ሰባቱ ይቆማል አሉ። ደስታዬ እንዳይታይ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግኩ፤ ሰው ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ። በእውቀቱ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ። የመንገዱ ፈቃድ ለሣልስት ብቻ መሆኑን አስታወሰ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለእንግዳው ንገረዋ» አሉት አቶ ከፋለ። «አስተርጓሚ አለችልህ፤ ካሜራም ይዟል።»

በእውቀቱ ካሜራውን አየ። ሲስቅ የተነሳው ፎቶ ትዝ ያለው መሰለኝ። እንግዳ ተቀባይነታችንን ማሳየት ለከተማችን ገጽታም ጥሩ ነው ብሎ ተቀመጠ፣ ሲኒውንም ዘረጋልኝ።

ሰብሌን ከጀርባ ወደ ክፍላችን ወሰድኳት። በሩን ገርበብ አድርጌ ምን አልሽው አልኳት።

«እውነቱን ነገርኩት።»

«ታዲያ ለምን አለቀሰ?»

«አፍሮ ነዋ፣ እማ። ሰው የሞተበት ቤት ገብቶ ሂሳብ አምጡ ማለቱን ሲያውቅ ምን ያድርግ? ሊሮጥ ነበር። ከሮጥክ ምግብ ይዘው ሆቴልህ ድረስ ይከተሉሃል አልኩት።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት፤ ባጁ ላይ ያለችውን መሰለች። እኔም ሳቅኩ። ሣልስት ላይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን። ሻንጣው ከእግራችን ሥር ነበር። እስከ ሰባቱ ድረስ ያሉት ቀናት የኔ ናቸው ብዬ አሰብኩ። በነዚያ ቀናት ውስጥ አንድ ነገር አገኛለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እናት የሚመጣላት ነገር አያጣትም ብዬ ራሴን ደለልኩ።

ስንመለስ ፈረንጁን መሀል ላይ አስቀምጠውታል። ስሙ ማትያስ ነው። የሐዋርያው ስም ነው ተብሎ ተመረቀለት፤ አያ አረጋን ካወቀ ሰው በቀር ለልጁ እንዲህ ያለ ስም ማን ይሰጣል ተባለ። እኔንም ጠርቶ ከካሜራው ጀርባ ባለችው መስታወት ሥዕል ያሳየኝ ጀመር። ሥራው ይሄ ነው አለችኝ ሰብሌ፤ አገር ላገር እየዞረ የመንገድ ዳር ቡና ቤቶችን ያነሳል፣ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው። እኔ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው ስለ ቅዱሳን ወይም ስለ ነገሥታት የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር። አየሁት። ወንበሩ አስፋልቱን ሞልቶታል፣ ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሷል፣ ሰዉ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፣ እግረኛው ዞሮ ያልፋል። ከየት ነው አልኩት፤ ያገር ስም ጠራ። ሌላ አሳየኝ፤ ሌላ አገር ጠራ። በየሥዕሉ የጭነት መኪናውን ፈለግኩት፣ አጣሁት። እነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ አያነቡም መሰለኝ።

ከዚያ ስለ እኛ ተናገረ፣ ሰብሌም እየተረጎመች። ብዙ አገር ዞሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም ነበር ይላል። ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ ስልኩን የሚነካ የለም፣ አስተናጋጁ ሳይጠራ ይመጣል፣ ባለቤቶቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ውበቱን አይቼ በዓለም ላይ የመጨረሻው እውነተኛ ቡና ቤት ነው ብዬ ነበር ይላል። አንቺስ ከመንገድ ዳር ቡና በጣም የምትወጂው ምኑን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ለመጽሐፉ ነው መሰለኝ። ዝናብ ሲመጣ ከሰሉን ይዞ መሮጡን አልኩት። ሰብሌ ተረጎመችለት፣ እሱም ደስ ብሎት ጻፈው።

ነገሩ የተበላሸው ከምሳ በኋላ ነው። ማትያስ ለሰባቱ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ግን ኮን እና ወገል ጤና የሚባሉትን ከተሞች ማየት እፈልጋለሁ አለ፤ እዚያ ገበያ ላይ መንገድ ዳር ቡና አለ ብለውታል። መኪና ተከራይቷል፣ ዛሬውኑ ይወጣል። አቶ ከፋለ አሰቡ። አቶ ከፋለ ሲያስቡ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው መከራ ይመጣል። ሐዘንተኛ እንግዳ ብቻውን መንገድ አይሰደድም፣ ከሟች ወገን አንድ ሰው ይሸኘዋል አሉ፤ ቋንቋውን የምትችል የወንድም ልጅ ደግሞ አለች። ድንኳን ቆሞ ዘመድ መንገድ አይወጣም ያለ ሰው ካለ እሱ ለራስ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ለሟች እንግዳ መውጣት መውጣት አይባልም አሉ። ሕጉን ሳይጽፉት የያዙት ለዚህ ነው ለካ፤ ሲያስፈልግ እንዲታጠፍ።

ሰብሌን አየኋት። መሬት መሬት ነበር የምታየው። ወገል ጤና የደሴ መንገድ ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

«አትሄድም» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ሁሉም ዞረ።

«ምነው ባንችይርጋ?» አሉ አቶ ከፋለ። «እንግዳችን እኮ ነው።»

እንግዳችን አይደለም ማለት ነበረብኝ። ሌላ መልስ አልነበረም። ይሄ ሰው ማንንም አያውቅም፣ አባቱም በቅሎ አልወጣም፣ ቡና ቤት መስሎት ነው የገባው ብል ሰብሌ ከሰውየው ጋር አትሄድም። ነገር ግን ድንኳኑም ያኔውኑ ይነቀላል። ይነቀል፣ አንድ ሌሊትም ሌሊት ነው አልኩ በልቤ። ግን እትዬ ሙሉሃብት ከሰው አፍ እንዳይሰሙት አስቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ሴቶቹን የእጣን ጭስ እንደሚያስወጣ ሰው በእጃቸው አስወጧቸው። ከወራት በኋላ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን የመጀመሪያችን ነበር። ከፊታቸው በርከክ አልኩ።

«እትዬ ሙሉሃብት፣ ሰውየው…»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አረጋ ፈረንጅ አልነበረውም።» ድምፃቸው ደረቅ ነው፣ እንደ ኪራይ መቀበያ ድምፃቸው። «በበቅሎዋ የወጣው ሁሉ ወርዶ ሂሳቡን ሰጥቶ ሄዷል። አቅፎ የሳመው የለም። ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ያወጣው ነው። አንድ ቀን ተናገረና መመለሻ አጣ።»

ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ዕድሜውን ሙሉ ሳቁበት። ዛሬ ሰውየው ከገባ ወዲያ የሳቀበት ሰው ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«እኔም አልሰማሁም። ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ ነው የዋልኩ።»

«ልጄ ልትሄድብኝ ነው» አልኳቸው።

«ነገም ትሄዳለች። ሻንጣውን አይቼዋለሁ፣ ቤቱ የኔ አይደል።» ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ፤ እጃቸው እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። «ነገ ጎህ ሳይቀድ ተደብቃ ከምትወጣ ዛሬ ሰው እያየ፣ ተመርቃ ትውጣ።»

ውጪ አቶ ከፋለ ስለ አያ አረጋ ያወራሉ፤ እኔ ራሴ ነበርኩ አጠገባቸው፣ ፈረንጁ ሲስማቸው አይቻለሁ ይላሉ። ሌላ ሰው አዎ፣ በቅሎዋ ግንባረ ነጭ፣ ቦራ ነበረች አለ። ማንም አልሳቀም። እትዬ ሙሉሃብት ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

ተነሥቼ ወጣሁና «ትሂድ» አልኩ።

ሰብሌ ወደ ክፍላችን ሄደች። ለጥቂት ቀን መንገድ ትንሿ ቦርሳ ትበቃ ነበር። ይዛ የወጣችው ትልቁን ሻንጣ ነው። በሰው ሁሉ ፊት፣ በድንኳኑ መሀል ጎተተችው፤ አዲሱ ድንጋይ ላይ ጎማው እየተንኳኳ። አቶ ከፋለ ሴት ልጅ አትሸከምም ብለው ተቀበሏት፣ ከበደባቸውም፤ የፈረንጁ የካሜራ ዕቃ መሆን አለበት ብለው መኪናው ኋላ ላይ በገዛ እጃቸው ጫኑላት። በእውቀቱ ከሥር ደገፈላቸው። መጫን ይችልበታል። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቋት፣ በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሽ አሏት። ሴቶቹ ጉንጯን ሳሙ። አንገቷን ያዝኩ፣ ባጁን አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር።

«ከወገል ጤና ትመለሻለሽ?» አልኳት በጆሮዋ።

«እማ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ።

መኪናው ወደ ታች ወረደ። አቶ ከፋለ ቡና እንዲቀዳ አዘዙ፣ እኔም ቀዳሁ።

ድንኳኑ እስከ ሰባቱ ቆመ። ማትያስ ባለው ቀን ተመልሶ መጣ፣ ብቻውን። ከወገል ጤና ማለዳ በደሴ መኪና መሄዷን ነገረን፤ እናቴ ታውቃለች ብላው ነበር። አስተርጓሚ ስላልነበረ ይሄን የነገረን በእጁ ነው። አሁን የአያ አረጋን ክፍል ከእትዬ ሙሉሃብት ተከራይቶ ይኖራል፣ በዘመድ ዋጋ። አገር ላገር የሚዞረው ሰው ላሊበላ ቀረ፤ ሰብሌ ሄደች።